ከሎጎው በፊት ፊደሉን ጨርቅ ላይ እየው

ወንድሜ፣ «ከሁለት ጓደኞቼ ጋር የስትሪትዌር ልብስ ብራንድ ልጀምር ነው፤ አንበሳና የአማርኛ ፊደል ያለበት ሎጎ አስበናል፤ ለዲዛይነር ስንት እንክፈል?» ብለህ ጠይቀሃል። መልሴ ረዘም ይላል፣ ቻለኝ። ፒያሳ አካባቢ ግራፊክስ ስሠራ ዘጠኝ ዓመቴ ነው። የራሴንም ብራንድ ሞክሬ ከስሬበታለሁ።

ከኪሳራው ልጀምር። ዲዛይኑ ጥቁር ቲሸርት ላይ «ቤት» የሚል አንድ ቃል ነበር። ደረት ላይ በግራ በኩል፣ ሁለት ሴንቲሜትር የማትሞላ፣ ፊደሏ ወፈር ያለች። ኮምፒውተር ላይ አጉልቼ ሳያት ታምራለች። 60 ፍሬ አሳተምኩ። ተረክቤ ስዘረጋው የ«ቤ» እግር ላይ ያለችው ቀለበት በቀለም ተደፍናለች። ሁለት እርምጃ ራቅ ካልክ «ቢት» ነው የሚለው። የሰፈር ልጆች «ራፕ ጀመርክ እንዴ?» እያሉ ክረምቱን ሙሉ ቀለዱብኝ። አታሚው ላይ ጮኬበታለሁ፣ ግን ጥፋቱ የኔ ነበር። እሱ የሰጠሁትን ነው ያተመው።

የኛ ፊደል ጣጣው ይሄ ነው። ቢና ቤ፣ ሊና ሌ፣ ኒና ኔ የሚለያዩት በአንዲት ቅጥያ ነው። ቀለበቷ ከተደፈነች ቃሉ ሌላ ሆነ ማለት ነው። ስክሪን ፕሪንት ላይ ቀለሙ ፍሬም ላይ በተወጠረ ወንፊት አልፎ ጨርቁ ላይ ትንሽ ይሰፋል። ጥልፍ ደግሞ ይብሳል፣ ክሩ ራሱ ውፍረት አለው። «ጨ»ን ኮፍያ ላይ በትንሹ አስጠልፋትና ታያለህ። ስለዚህ ያንኑ ስም በሁለት መልክ አሠራው፤ አንዱ ለትልቁ የጀርባ ህትመት፣ ሌላው ለአንገት ሌብልና ለኮፍያ፣ ቀለበቶቹ ሆን ተብሎ ሰፋ ያሉ፣ መስመሩም ሳሳ ያለ።

አሁን ወደ አንበሳው። አንበሳ ጫማ አለ፣ አንበሳ አውቶቡስ አለ፣ አንበሳ ባንክ አለ። አንተ ስንተኛ ልትሆን ነው? የግድ ካልክ ግን ኢንተርኔት ላይ ከሚንከራተተው ዘውድ የጫነ አንበሳ አትቅዳ። ከለገሃር ተነስተህ ሽቅብ ወደ ብሔራዊ ቴአትር በእግርህ ሂድ፣ ሩቅ አይደለም። ለገሃር ያለው አንበሳ ጋማው፣ ዘውዱ፣ ሁሉ ነገሩ በዝርዝር የተሠራ ነው። ብሔራዊ ፊት ለፊት ያለው ደግሞ ፈረንሳዊው ሞሪስ ካልካ ለአፄ ኃይለ ሥላሴ 25ኛ ዓመት የንግሥ በዓል የሠራው ነው። ድንጋዩ በጠፍጣፋ ገጽና በማዕዘን ነው የተቆራረጠው፣ ግን ከሩቅ አንበሳ መሆኑን ማንም አይጠራጠርም። ቲሸርት ላይ የሚሠራው የሁለተኛው ዓይነት አስተሳሰብ ነው። ሐውልቱን ቅዳ እያልኩህ አይደለም፣ እንዴት እንደቀነሰው እይ።

እኔን ብትሰማኝ ግን አንበሳውን ትተህ ፊደሉን ብቻ ይዘህ ትወጣለህ። ያውም ኮምፒውተር ላይ ያለውን አይደለም። ኒያላ ከዊንዶውስ ጋር የመጣ ፊደል ነው፣ የማመልከቻ ደብዳቤ ያስመስልብሃል። ኖቶ ኢትዮፒክ በነፃ ፈቃድ የተለቀቀ ስለሆነ መነሻ አድርገህ መሥራት ትችላለህ፣ ግን እሱም የማንም ነው። በእጅ ይሳል። ፒያሳ በ2016 ብዙው ሲፈርስ በእጅ የተጻፉ የሱቅ ሰሌዳዎችም አብረው ሄዱ፣ እኔ ፎቶ ያነሳኋቸው ጥቂቶቹን ነው፣ እስካሁን ይቆጨኛል። የቀሩትን መርካቶ ዞር ዞር ብለህ አንሳ። ሚኒባስ ውስጥ የተለጠፉትን ጥቅሶችም እይ። የ«ሰ»ን እግር እንዴት እንዳጎበጡት፣ ቦታ ሲያልቅባቸው የመጨረሻዋን ፊደል እንዴት እንዳጨቋት... ትምህርት ቤት የማይሰጥህ ነገር እዛ አለ።

ቀለም ላይ አጭር ልሁን። ስክሪን ፕሪንት ላይ ለእያንዳንዱ ቀለም አንድ ፍሬም ይሠራል፣ ክፍያውም በዛው ልክ ነው። ጨርቁ ጥቁር ከሆነ ደግሞ ከሥር ነጭ ይገባል፣ አለዚያ ቢጫህ ጭቃ ይመስላል። እናም አረንጓዴ፣ ቢጫ፣ ቀይ ጥቁር ላይ ብትል አራት ፍሬም ነው። ለመጀመሪያው ዙር አንድ ቀለም፣ ቢበዛ ሁለት ይበቃችኋል። አሥር አሥራ አምስት ፍሬ ብቻ ከሆነ ዲቲኤፍ (ፊልም ላይ ታትሞ በሙቀት ጨርቁ ላይ የሚለጠፈው) ያዋጣል፣ ቀለም አይቆጥርም፣ ግን ትልቅ ህትመት ከሆነ ደረት ላይ ላስቲክ የለበስክ ያህል ይሰማሃል።

ለአታሚው ፋይል ስትልክ ፊደሉን ወደ ቅርጽ (አውትላይን) ቀይረህ ላክ፣ እባክህ። የተጠቀምክበት ፎንት አታሚዎቹ ኮምፒውተር ላይ ከሌለ ሳጥን ሳጥን ሆኖ ይወጣል። በድሮዎቹ የኮምፒውተር የአማርኛ ፎንቶች ከተጻፈማ የላቲን ዝብርቅርቅ ነው የሚሆነው፣ እንደዛው የታተመም አይቻለሁ።

ስሙን ከማስጠለፍህ በፊት የአእምሯዊ ንብረት ባለሥልጣን ጋ ሄደህ ተይዞ እንደሆነ ጠይቅ። በአዋጅ ቁጥር 501/1998 መሠረት የተመዘገበ ምልክት 7 ዓመት ይጸናል፣ ከዛ ይታደሳል። ከዲዛይነሩ ጋርም የሥራው መብት ለናንተ መተላለፉን በወረቀት ተፈራረሙ። ጓደኛህ ቢሆንም። በተለይ ጓደኛህ ከሆነ።

ስንት እንክፈል ላልከው ቁርጥ ያለ ቁጥር አልጽፍልህም፣ በየወሩ ይቀያየራል። ብቻ ካላችሁ ብር ከሩቡ በላይ ለዲዛይን አታውጡ፣ ቀሪው ለጨርቅና ለናሙና ይሁን። ከዲዛይነሩ ጋር ስትስማሙም «ሎጎ ሥራልን» ሳይሆን ስሙን በሁለቱ መጠን፣ ከሚታተምበት ፋይል ጋር በሉት። ሙሉውን ከመክፈላችሁ በፊት አንድ ናሙና አሳትመህ አምስት ጊዜ እጠበው። ከዛ ፎቶውን እዚህ ለጥፈው፣ ምን ብሎ እንደሚነበብ እኔ እነግርሃለሁ።