ግራዋ ለሆድ፦ ከደሴና ከኮምቦልቻ ለቀረቡ ጥያቄዎች የተሰጡ መልሶች

ደሴ ውስጥ በመድኃኒት ቤት እሠራለሁ፤ የግቢያችን አጥርም ግራዋ ነው። ስለዚህ የምጽፈው ቅጠሉን ጠልቼ አይደለም።

ጥያቄ (ከሆጤ)፦ ባለቤቴ ጨጓራ አለባትና በየማለዳው በባዶ ሆዷ የግራዋ ጭማቂ ትጠጣለች። ይጠቅማታል?

መልስ፦ መራራ ነገር ምላስ ላይ ሲያርፍ ምራቅና የጨጓራ አሲድ እንዲመነጩ ይቀሰቅሳል፤ ምግብ አልፈጭ ብሎት ሆዱ የሚከብደው ሰው ቀለል የሚለው በዚህ ምክንያት ሊሆን ይችላል። ነገር ግን እኛ ዘንድ «ጨጓራ» የሚለው አንድ ቃል ማቃጠሉንም፣ መነፋቱንም፣ ቁስለቱንም ጠቅልሎ ስለሚይዝ፣ አሲድ ሊቀነስለት የሚገባው ቁስለተኛ አሲድ የሚጨምርበትን ነገር በባዶ ሆዱ ሲጠጣ ይገኛል። ሕመሙ ሲርባት የሚብስ ወይም ሌሊት ከእንቅልፍ የሚቀሰቅሳት ከሆነ፣ ጭማቂውን አቁማ የሄሊኮባክተር ፓይሎሪ (የጨጓራ ቁስለት የሚያመጣ ባክቴሪያ) ምርመራ ብታደርግ ይሻላል፤ ባክቴሪያው ከተገኘባት አሲድ ከሚቀንስ መድኃኒት ጋር ፀረ ባክቴሪያዎች፣ አብዛኛውን ጊዜ ለ14 ቀናት፣ ይታዘዙላታል። ለመገጣጠሚያ ሕመም ዳይክሎፌናክ ወይም አይቡፕሮፌን የምትወስድ ከሆነም ለሐኪሙ ትንገረው፤ እነዚህም ቁስለት ያመጣሉና። ሰገራዋ እንደ ሬንጅ ከጠቆረ ወይም ደም ካስታወከች በዚያው ሰዓት ሆስፒታል ትድረስ።

ጥያቄ (ከኮምቦልቻ)፦ ጋሼ፣ እናቴ ለስኳር ግሊቤንክላማይድ ትወስዳለች፤ ግራዋም ትጠጣለች። ጉዳት አለው?

መልስ፦ ሊኖረው ይችላል። የግራዋ ቅጠል በላብራቶሪ እንስሳት ላይ የደም ስኳርን ዝቅ ሲያደርግ ታይቷል፤ ኪኒኑም ያንኑ ስለሚያደርግ ሁለቱ ሲደራረቡ ስኳሩ ከመጠን በላይ ሊወርድ ይችላል። ላብ ካጠመቃቸው፣ ከተንቀጠቀጡ ወይም ንግግራቸው ከተዘበራረቀ ስኳራቸውን ለካ፤ መለኪያ ከሌለህ መዋጥ እስከቻሉ ድረስ ስኳር የተበጠበጠበት ውሃ ስጣቸው፣ ካልነቁ ግን ምንም ሳታጠጣ ወደ ሕክምና አድርሳቸው።

ጥያቄ፦ ለነፍሰ ጡርና ለሕፃንስ?

መልስ፦ ለሁለቱም አይሰጥ። በእንስሳት ላይ ማህፀን ሲያኮማትር ታይቷል።

ጥያቄ (ከሰኞ ገበያ)፦ ልኩ ስንት ቅጠል ነው?

መልስ፦ የአንዱ ቁጥቋጦ ምሬት ከሌላው፣ የለጋው ቅጠል ከደረሰው ስለሚለያይ የቅጠል ቁጥር መጠን አይሆንም። ናይጄሪያውያን ይህንኑ ቅጠል በሾርባ ይበሉታል፤ ሆኖም ምሬቱ እስኪቀንስ ደጋግመው እያሹ ያጥቡታል እንጂ እንደኛ ሰው ወቅጠውና ጨምቀው በብርጭቆ አይጨልጡትም።

ጥያቄ፦ አያቴ «ለኮሶ ትል ግራዋ ይበቃል» ይላሉ።

መልስ፦ አያትዎ ያለ ምክንያት አላሉም። በታንዛኒያ የማሃሌ ተራሮች በአንጀት ትል የታመሙ ቺምፓንዚዎች የግራዋን ለጋ ግንድ ልጠው፣ ቅጠሉን ጥለው፣ መራራውን ውስጡን ሲያኝኩ ታይተዋል (ቅጠሉን መጣላቸው ሁልጊዜ ይገርመኛል)። ለኮሶ ትል ግን ፕራዚኳንቴል ወይም ኒክሎሳማይድ ተመዝኖ፣ አብዛኛውን ጊዜ አንድ ጊዜ ብቻ፣ ይሰጣል፤ ጥሬ ሥጋ መብላቱ ከቀጠለ ደግሞ ትሉ ተመልሶ ይመጣል።