የባሌን የጉዞ ማስታወሻ ለየትኛው ጋዜጣ?

ጠያቂያችን ከባሌ ተራሮች ተመልሰው የጻፉትን የ12 ገጽ የጉዞ ማስታወሻ የትኛው ጋዜጣ ከፍሎ እንደሚያወጣልዎ ጠይቀዋል። የማንም ጋዜጣ ቋሚ ሠራተኛ ሳልሆን የጉዞ ጽሑፍ በመሸጥ ዓመታት ስላሳለፍሁ፣ ከጋዜጣው በፊት ጽሑፉ በየትኛው ሳምንት ሊነበብ እንደሚገባ ቢያስቡ እመርጣለሁ።

ይህን የተማርሁት ከስሬ ነው። ጥምቀትን ጎንደር አክብሬ፣ በፋሲል መዋኛ ያየሁትን በጥንቃቄ ጽፌ ለአንድ ሳምንታዊ ጋዜጣ ያስረከብሁት በጥር መጨረሻ ነበር፤ አዘጋጁም ጽሑፉን ካመሰገነ በኋላ፣ በዓሉ ስላለፈ ቦታ እንደማይሰጠው ነገረኝ። በዓመቱ ያንኑ ጽሑፍ በግማሽ አሳጥሬ፣ መንገደኛ መቼ መነሣትና የት ማደር እንዳለበት ጨምሬ በታኅሣሥ መጀመሪያ ብልክለት ሳያንገራግር ወሰደው።

ባሌም የራሱ ወቅት አለው። ፓርኩ በዩኔስኮ የዓለም ቅርስነት የተመዘገበው በመስከረም 2016 ዓ.ም. ስለሆነ ይህ ብቻውን ዜና አይሆንም። ነገር ግን ከጎባ ወደ ዶሎ መና የሚወስደው መንገድ ከ4,000 ሜትር በላይ ከፍ ያለውን የሳነቲን አምባ አቋርጦ ወደ ሐረና ጫካ ስለሚወርድ፣ ማለዳ በብርድ እየተንቀጠቀጠ ቀይ ቀበሮ ሲፈልግ የነበረ ሰው በዚያው ዕለት ከጫካ ቡና ሥር ሊቀመጥ ይችላል። ከ12ቱ ገጽ ይህችን አንድ ቀን ብቻ አውጥተው፣ ቡና ከሚለቀምበት ጊዜ አንድ ወር ያህል ቀድመው ለአዘጋጁ ሐሳቡን በአራት ዓረፍተ ነገር ይጻፉለት። ሙሉውን ጽሑፍ ሳይጠየቁ አይላኩ፤ ሥራ የበዛበት አዘጋጅ 12 ገጽ አያነብም (እኔም ብሆን አላነብም)። የቀረውን ማስታወሻ በሌላ መልክ ለሌላ ጋዜጣ ማዘጋጀት ይችላሉ፤ አንዱን ጽሑፍ በአንድ ጊዜ ለሁለት መላክ ግን በሁለቱም ዘንድ ያስቀይማል።

አስጎብኚ ድርጅት ወጪዎን ሸፍኖ ከሆነ አስቀድመው ይናገሩ። ክፍያውንም ከመጻፍዎ በፊት ይስማሙ፤ የጉዞ ወጪን የሚመልስ ገንዘብ እምብዛም ስለማይገኝ፣ እኔ አሁን የምጽፈው በሌላ ጉዳይ ስለሄድሁባቸው ቦታዎች ነው። ፎቶ ካለዎት ለብቻው ይዋዋሉ፤ የጎንደሩ ጽሑፌ ሲወጣ አራት ፎቶዎቼ አብረው ታትመው ነበር፣ የተከፈለኝ ግን የጽሑፉ ብቻ ነው።