ሽፋኑ «ተዘረጋ» ሲባል ማን ዘረጋው?

ጥያቄ፦ ጤና ይስጥልኝ መምህር። ሐዋሳ ውስጥ ባዮሎጂ አስተምራለሁ። መጽሐፉ በእንግሊዝኛ ነው፤ ሳስረዳ ግን አማርኛ መቀላቀሌ አይቀርም። ስለ ነጭ የደም ሕዋስ ሳስተምር «የሕዋሱ ሽፋን ወደ ባክቴሪያው ተዘረጋ» አልኩ። አንድ ተማሪ «ማን ዘረጋው?» አለኝ። አማርኛዬ ነው ችግሩ? ደግሞስ ሽፋኑ ከሳይቶስኬሌተኑ (ሕዋሱን ከውስጥ ከሚደግፈው የፕሮቲን ክሮች መረብ) ጋር «ተያዘ» ይባላል ወይስ «ተያያዘ»?

መልስ፦ አማርኛዎ ስህተት የለበትም። ተማሪው ግን ጎበዝ ነው።

«በሩ ተከፈተ» ስንል ሰው ከፍቶት ይሆናል፣ ነፋስም ይሆናል። «ተ» አድራጊውን ትደብቃለች። በዕለት ወሬ ማንም ግድ አይሰጠውም። እዚህ ግን ትምህርቱ ያለው አድራጊው ላይ ነው።

ሽፋኑ ስስ ድርብ የቅባት ንጣፍ ነው፤ ውፍረቱ 10 ናኖሜትር እንኳ አይሞላም። ብቻውን እጅ አያወጣም። ከሥሩ አክቲን የሚባል የሳይቶስኬሌተኑ ፕሮቲን አለ። ጫፍ በጫፍ እየተቀጣጠለ ክር ይሠራል (እሳት እንዳይመስልዎት!)። ማክሮፌጅ የሚባለው ባክቴሪያ ዋጭ ሕዋስ ባክቴሪያ ሲነካ ሽፋኑ ላይ ያሉት ተቀባዮች ባክቴሪያውን ይይዙታል። መልእክቱ ወደ ውስጥ ያልፋል፣ አክቲኑ እዚያው ቦታ ላይ ክር መሥራት ይጀምራል። ክሩ ሲያድግ ሽፋኑን ይገፋዋል። ሽፋኑም ባክቴሪያውን ዙሪያውን ያቅፈዋል፣ ከዚያ ይውጠዋል። ስለዚህ «አክቲኑ ሽፋኑን ገፋው» ቢሉ ተማሪው መልሱን አገኘ ማለት ነው።

ነገሩ ግን በአንድ ወገን ግፊት አያልቅም። ሽፋኑ ሲገፋ ይወጠራል፣ ሲወጠር ደግሞ መልሶ ይጫናል። ኒውትሮፊል የሚባለው ነጭ የደም ሕዋስ ሲጓዝ ፊቱ አንድ ብቻ ነው። ለዚህ አንዱ ምክንያት ይኸው ውጥረት ነው፤ በሌላ ጎን ሁለተኛ ፊት እንዳይወጣ ያግዳል። ለእንዲህ ያለው ነገር አማርኛ የተዘጋጀ ግሥ አለው፦ «ተገፋፉ»። አሞራ ገደል ዓሣ ሊገዙ የመጡ ሰዎች ተገፋፉ ስንል አንዱ ሌላውን ገፋ ማለታችን ነው። ብቻ ባለቤቱን ሁለት ያድርጉት፦ «ሽፋኑና አክቲኑ ይገፋፋሉ»። «ሽፋኑ ተገፋፋ» ካሉማ ክፉ ጓደኛ የመከረው ይመስላል፤ «ተገፋፍቶ ሰረቀ» እንደምንለው።

ወደ ሁለተኛው ጥያቄ። «ተያዘ» ለሌባ ይሁን። ሁለት ነገሮች እርስ በርስ ሲጣበቁ «ተያያዙ» ነው። እዚህም አድራጊ አለ። ኤዝሪን፣ ራዲክሲንና ሞኢሲን የሚባሉት ፕሮቲኖች በአንድ ጫፋቸው ሽፋኑን፣ በሌላው አክቲኑን ይይዛሉ። እነሱ «ያያይዛሉ»፣ ሽፋኑና አክቲኑ «ይያያዛሉ»። ቲ ሕዋስ የሚባለው ነጭ የደም ሕዋስ የሚፈልገውን ባዕድ ነገር በሌላ ሕዋስ ላይ ሲያገኝ ግን ይሄ ማያያዣ ለጊዜው ይላላል። ሕዋሱ ለስለስ ይልና ከዚያኛው ጋር በደንብ ይጣበቃል። ያኔ «ላላ» ይበቃል፤ «ተላቀቁ» ይበዛበታል።

«ሳይቶስኬሌተን»ን እንዳለ መተውዎን ወድጄዋለሁ። «የሕዋስ አጽም» የሚሉ አሉ። እኔ አልስማማም፤ አጽም ሲባል የሚታየን መቃብር ነው። ይሄ ግን በደቂቃዎች ውስጥ እየፈረሰ የሚሠራ ነገር ነው።