መልስ፦ ስለ ሆሎኮስት በአንድ ክፍለ ጊዜ ምን ላስተምር?

መምህር፣ ለ10ኛ ክፍል በ40 ደቂቃ ናዚ ጀርመን አይሁድን ከጨፈጨፈበት ከአውሽዊትዝ የሞት ካምፕ ፎቶ ልጀምር ወይ ላሉት፣ አይጀምሩ። አስከሬን ያየ ልጅ ይደነግጣል እንጂ ነገሩ እንዴት እዚያ እንደደረሰ አይገባውም። ከ1933 ይነሱ (ዓመቱ በአውሮፓውያን መሆኑን ሰሌዳው ላይ ይጻፉ፣ አለዚያ ይምታታባቸዋል)፦ በአፕሪል አይሁድ ከመንግሥት ሥራ ተባረሩ፣ በ1935 የኑረምበርግ ሕጎች ዜግነታቸውን ገፈፉ፣ በኖቬምበር 1938 ምኩራቦች ተቃጠሉ። ለዚህ 10 ደቂቃ ይበቃል።

ሰፊውን ጊዜ ናዚዎች የአይሁድን ጭፍጨፋ ላቀናጁበት ለቫንሴ ስብሰባ ቃለ ጉባኤ ይስጡ። ጃንዋሪ 20 ቀን 1942 በርሊን ዳር ባለ ቪላ ውስጥ 15 ባለሥልጣናት ተቀመጡ፤ ከግማሽ በላዩ ዶክትሬት የያዙ ናቸው። በቃለ ጉባኤው ውስጥ በየአገሩ ያሉትን አይሁድ የሚቆጥረውን ሰንጠረዥ ያሳዩዋቸው፦ እንግሊዝ 330,000፣ አልባኒያ 200፤ ኢስቶኒያ አጠገብ ቁጥር የለም፣ «ከአይሁድ ነጻ» ይላል። ድምሩ ከ11 ሚሊዮን በላይ ነው። ልጆቹ «መግደል» የሚለውን ቃል ይፈልጉ። አያገኙትም፤ የተጻፈው «ወደ ምሥራቅ ማስወጣት» ነው። ክርክሩ ከዚያ ይጀምራል።

«አንተ ናዚ፣ አንቺ አይሁድ» እያሉ ድራማ ማሠራት ግን ይቅርብዎ፤ ወዲያው ሳቅ ይሆናል። ይልቅ የተገደሉት አይሁድ 6 ሚሊዮን ናቸው የሚለው ቁጥር ባዶ እንዳይሆን፣ በያድ ቫሼም (የእስራኤል የሆሎኮስት መታሰቢያ ተቋም) ድረ ገጽ ካለው የሟቾች ስም መዝገብ አንድ ስም አውጥተው ዕድሜውን፣ ከተማውንና ሥራውን ያንብቡላቸው።