ቱርቦ ሞተር ቤንዚን ሲያንሰው፦ የአንባቢያን ጥያቄዎችና መልሶች

ሰሞኑን የደረሱኝ ጥያቄዎች አብዛኞቹ ጉልበታቸው እንዲጨምር የተስተካከሉ ባለ ቱርቦ የቤንዚን ሞተሮችን የሚመለከቱ ናቸው። የሁሉም አቤቱታ አንድ ነው፤ አየሩ በዝቶ ቤንዚኑ አንሷል፣ ማለትም ድብልቁ ሳስቷል የሚል።

«2.5 ሊትር ባለ ቱርቦ ሱባሩ ኢምፕሬዛ አለኝ። የሞተሩ ኮምፒውተር ፕሮግራም ከተቀየረ ሦስት ወር ሆነው። በደንብ ይሠራ ነበር፤ አሁን ግን ወደ እንጦጦ ሽቅብ ስረግጠው ይንተፋተፋል፤ የድብልቅ መለኪያዬም 13ን ያልፋል። ፕሮግራሙን የሠራልኝ ባለሙያ ‹በፕሮግራሙ ነዳጅ ልጨምርልህ› ይለኛል። እሺ ልበለው?» — ከአዲስ አበባ

እባክዎ አይበሉት። መንስኤው እስኪታወቅም መኪናውን አጥብቀው አይርገጡ።

ቤንዚን ሙሉ በሙሉ እንዲቃጠል ለአንድ ኪሎ ቤንዚን 14.7 ኪሎ አየር ይበቃል። ቱርቦው ሲገፋ ግን ከ11 እስከ 11.8 ባለው መጠን እናወፍረዋለን፤ ትርፉ ቤንዚን ሙቀቱን ያበርዳል፣ ማንኳኳትንም፣ ማለትም ድብልቁ ያለ ጊዜው በራሱ መፈንዳቱን፣ ይከላከላል። ስለዚህ 13 ዝግ ብሎ ለሚሄድ መኪና የወፈረ ድብልቅ ነው፤ በሙሉ ግፊት ሽቅብ ለሚወጣ ሞተር ግን አደገኛ ነው።

ከሦስት ወር በፊት ደህና የነበረ ሞተር ዛሬ ቤንዚን ካነሰው፣ ፕሮግራሙ በራሱ አልተለወጠም፤ የተዳከመ ዕቃ አለ ማለት ነው። የነዳጅ ግፊት መለኪያ ያስገጥሙ። የእርስዎ ዓይነት ሞተር የነዳጅ ግፊት የቱርቦውን ግፊት እኩል ተከትሎ መውጣት አለበት፤ መነሻው 3 ባር ከሆነ፣ ቱርቦው 1 ባር ሲገፋ 4 ባር ሊነበብ ይገባል። ቀጥ ብሎ ከቆመ ወይም ከወረደ ፓምፑን፣ ፊልትሮውን፣ የግፊት መቆጣጠሪያውን መርምሩ። ለፓምፑ የሚደርሰውን ኤሌክትሪክም እዚያው ፓምፑ አጠገብ፣ ሞተሩ እየሠራ ለኩት። ግፊቱ ደህና ሆኖ ድብልቁ ከሳሳ ቤንዚን ወደሚረጩት ኢንጀክተሮች ዙሩ፤ በእያንዳንዱ ዑደት ተከፍተው የሚቆዩበት ጊዜ ከ85 በመቶ ካለፈ አቅማቸው አልቋል፤ ፕሮግራም ቢጨመርም የሚሰጡት የላቸውም።

ይህን ያህል የማጠብቀው ያየሁትን ስላየሁ ነው። ተመሳሳይ ሞተር ተጎትቶ ወደ እኔ መጥቶ ነበር። ካንዴላውን ስፈታ ነጩ ሸክላ እንደ ጠመኔ ገርጥቷል፤ ጫፉ ላይ ብናኝ የመሰሉ የብር ቀለም ያላቸው ነጠብጣቦች አሉ። በማጉያ መነጽር ሳያቸው ከፒስተኑ ቀልጦ የተረጨ አሉሚኒየም ነበሩ። ቴስታታው ተነሥቶ ፒስተኑ ሲወጣ፣ በመጀመሪያውና በሁለተኛው ፋሻ (የፒስተን ቀለበት) መካከል ያለው ግድግዳ ተሰብሮ ቁራጩ በጥፍሬ ተነቀለ። ይህ ቦታ የዚህ ሞተር የታወቀ ደካማ ጎን ነው። መንስኤው የነዳጅ ፓምፑ ሶኬት ላይ የተቃጠለ አንድ የሽቦ ጫፍ ነበር። ከዚያ በፊት ሁለት ጊዜ «ነዳጅ ተጨምሮለታል»።

«መኪናዬ በሚኒሞ ሲቆም ይንቀጠቀጣል፤ ፒ0171 የሚል ኮድ ያወጣል፤ ትርጉሙ ድብልቁ ሳስቷል ነው ብለውኛል። ስረግጠው ደግሞ ጥቁር ጭስ ያስወጣል። እንዴት አንድ ሞተር ይሳሳልም ይወፍራልም?» — ከሐዋሳ

የሚገባውን አየር የሚለካ ሴንሰር ያለው ሞተር ከሆነ ይችላል። ከሴንሰሩ በኋላ ቀዳዳ ሲኖር፣ በሚኒሞ ጊዜ ሞተሩ ያልተለካ አየር በቀዳዳው ይስባል፤ ድብልቁ ይሳሳል። ቱርቦው ሲገፋ ደግሞ ተለክቶ የገባው አየር በዚያው ቀዳዳ ይወጣል፤ ኮምፒውተሩ ግን ለጠፋው አየር ጭምር ቤንዚን ይረጫል። በመመርመሪያ መሣሪያው የነዳጅ ማስተካከያውን፣ ማለትም ኮምፒውተሩ በራሱ የሚጨምረውን ወይም የሚቀንሰውን ነዳጅ፣ መቶኛ ይዩ፤ በሚኒሞ ከ10 በላይ ሆኖ በ2,500 ዙር ወደ ዜሮ ከቀረበ ቀዳዳው ከአየር መክፈቻው ወዲህ፣ ወደ ሞተሩ በኩል ነው። ሞተሩ ጠፍቶ በመግቢያው በኩል ጭስ ይነፋለት፤ ጭሱ የሚወጣበትን ቦታ በዓይንዎ ያዩታል። ብዙ ጊዜ የተሰነጠቀ የጎማ ቱቦ ወይም የላላ ፋሸታ ነው።

«አዲስ አበባ ላይ ምንም የማይለው መኪናዬ ወደ አዋሽ ስወርድ ያንኳኳል፤ መለኪያውም መሳሳቱን ያሳያል። ቤንዚኑ ይሆን?» — ከአዲስ አበባ

ቤንዚኑ ሊሆን ይችላል፤ እኔ ግን በመጀመሪያ የምጠረጥረው አየሩን ነው። አዲስ አበባ ላይ የአየሩ ግፊት 77 ኪሎፓስካል ያህል ነው፤ አዋሽ ላይ 90 ገደማ ይደርሳል። የቱርቦዎ ግፊት በስፕሪንግ ብቻ የሚገደብ ከሆነና 100 ከጨመረ፣ ሞተሩ እዚህ 177 እዚያ 190 ያገኛል። ልዩነቱ 7 በመቶ ገደማ ነው፤ እዚህ በጭንቅ ይበቃ የነበረ ፓምፕ ወይም ኢንጀክተር እዚያ ያጥረዋል። ፕሮግራሙም አዲስ አበባ ላይ ብቻ ተሞክሮ ከሆነ፣ በፕሮግራሙ ሠንጠረዥ ውስጥ ለአዋሽ ግፊት የተመደበው ረድፍ በግምት የተሞላ ነው። ሙቀቱ ደግሞ ይጨመርበት። ቆላ የሚወርዱ ከሆነ ያስተካከለልዎት ባለሙያ ይህን ማወቅ ነበረበት፤ እስኪስተካከል ድረስ ግፊቱን ያስቀንሱ።

«በቤንዚን ለተስተካከለ መኪናዬ ኢ85 ግማሽ ታንክ ጨመርኩበት። የሞተር መብራት በርቷል፤ ጉልበቱም ወርዷል።» — ከቨርጂኒያ

አይርገጡት። አሜሪካ ውስጥ ኢ85 ተብሎ የሚሸጠው ነዳጅ ከ51 እስከ 83 በመቶ ኤታኖል ይይዛል፤ ኤታኖል ደግሞ ለተመሳሳይ አየር ብዙ ነዳጅ ይፈልጋል። ለኢ85 ሙሉ ቃጠሎ የሚሆነው 9.8 ለ1 እንጂ 14.7 አይደለም። በታንኩ ያለውን ነዳጅ ማስወጣት ይሻላል፤ ካልሆነ ባለ 93 ኦክቴን ቤንዚን እየጨመሩ፣ በዝግታ እየነዱ የኤታኖሉን መጠን ይቀንሱት። ወደፊት በኢ85 መንዳት ከፈለጉ ከፍ ያለ ፓምፕና ኢንጀክተር፣ የኤታኖል ሴንሰርና ለዚያው የተሠራ ፕሮግራም ያስፈልግዎታል። መለኪያዎን በላምዳ (የገባው አየር ለሙሉ ቃጠሎ ከሚያስፈልገው ጋር ሲነጻጸር) ያንብቡት፤ ነዳጁ ምንም ቢሆን ላምዳ 1 ሙሉ ቃጠሎ ነው።

«ማርሚታ ካስቀየርኩ በኋላ በሚኒሞ ሳስቷል ይለኛል፤ ካንዴላዎቹ ግን ጤነኛ ቡናማ ናቸው።» — ከአዳማ

ካንዴላዎቹን ይመኑ። ከኦክስጅን ሴንሰሩ በፊት ያለ አንድ መገጣጠሚያ አየር እየሳበ ነው፤ ሴንሰሩ የሚያየው ከውጭ የገባውን ኦክስጅን ነው። ሞተሩ በጠዋት ቀዝቅዞ ሳለ ያስነሡትና መዳፍዎን ወደ መገጣጠሚያዎቹ አስጠግተው ይሞክሩ፤ የሚያፈሰው ቦታ እፍ እፍ ይልብዎታል። ጥቁር ጥላሸት የቀረበት ጓርኒሲዮን ካገኙ እሱን ይቀይሩ፤ ፕሮግራሙን ማንም እንዳይነካው።