እንቅርቴ ለልጄ ይተርፋል?

ጥያቄ፦ ዶክተር፣ የ26 ዓመት ሴት ነኝ። የምኖረው ደምበጫ አካባቢ ነው። እንቅርት አለብኝ፤ እናቴም ነበረባት። ምን ብበላ ይጠፋልኛል? አክስቴ «ካልተነቀስሽ አይለቅሽም» ይሉኛል። ጎረቤቴ ለእሷ የታዘዘላትን የእንቅርት ኪኒን አካፍላኝ ሦስት ሳምንት ወሰድኩ። ነፍሰ ጡር ነኝ፣ አራተኛ ወሬን ይዣለሁ፤ ክትትል ገና አልጀመርኩም። የአጎቴ ልጅ አይሰማም፣ አይናገርም። እሱን ባየሁ ቁጥር ፍርሃት ይይዘኛል።

መልስ፦ እህቴ፣ የጠየቅሽኝ ስለ ምግብ ነው። የሚያስጨንቅሽ ግን መጨረሻ ላይ ጣል ያደረግሻት ነገር ናት፤ ከእሷ ልጀምር። እንቅርት ያለባቸው እናቶች አብዛኞቹ ጤነኛ ልጅ ይወልዳሉ። ልጅ የሚጎዳው በአብዛኛው የአዮዲን እጥረቱ በርትቶ የእናቲቱ የታይሮይድ ሆርሞን ሲያንስ ነው፤ ታይሮይድ ማለት ሲያብጥ እንቅርት የሚባለው የአንገት ዕጢ ነው። ያ ደግሞ በደም ምርመራ ይታወቃል። ሆርሞኑ ቢያንስም በእርግዝና ጊዜ የሚወሰድ መድኃኒት አለው። መስማት የሚያሳጣ ነገር ብዙ ነው፤ የአጎትሽን ልጅ ነገር በራስሽ ላይ አትደርቢ።

እናትሽም የነበረባቸው ያለ ምክንያት አይደለም። የበላችሁት ከአንድ ማሳ ነው። የጎጃም ደጋ ክረምቱ ኃይለኛ ነው፤ ዝናቡ አዮዲኑን ከአፈሩ እያጠበ ወደ ዓባይ ሲወስድ ኖሯል። እዚያ የበቀለው ጤፍም፣ ባቄላውም፣ ሳሩን የጋጠችው ላም ወተትም አዮዲን ያንሳቸዋል። የታይሮይድ ዕጢ ያለ አዮዲን ሆርሞን መሥራት አይችልም። ሲያጣ ያለችውን ጥቂት ለመልቀም እያደገ ይሄዳል። የሚፈለገው ደግሞ ኢምንት ነው፦ ለአዋቂ በቀን 150፣ ለነፍሰ ጡር 250 ማይክሮግራም። ማይክሮግራም የግራም ሚሊዮንኛ ነው። ግን በየቀኑ መግባት አለበት፤ ጨው ውስጥ የሚጨመረው ለዚህ ነው።

አሁን ንቅሳቱ። ይሄን ዝም ብዬ አላልፈውም። አንገታቸውን የተነቀሱ እናቶች ይመጣሉ። እንቅርቱ ከሥር አድጎ የንቅሳቱን መስመር ወጥሮ፣ አስፍቶት አያለሁ። በልጅነታቸው ለዚሁ ተብሎ የተወጉት ነው! ዕጢው ያለው ከቆዳና ከጡንቻ ሥር ነው። ጥላሸቱ እዚያ አይደርስም፤ ቢደርስስ ምን ሊሠራ? ለጌጥ ከሆነ ሌላ ጉዳይ ነው፣ ጌጥነቱን አልነቅፍም። «የእከሊት ግን ጠፋላት» ትይኝ ይሆናል። በጉርምስና ወይም በእርግዝና ያበጠ ለስላሳ እንቅርት አንዳንዴ በራሱ ጊዜ ይቀንሳል። ምስጋናውን መርፌው ይወስዳል። ያ መርፌ ደግሞ ስንት አንገት ወግቶ ነው አንቺ ጋ የሚደርሰው? ኤች አይ ቪና የጉበት ቫይረስ በዚህ ይተላለፋሉ፤ ሁለቱም ለልጅሽ ሊተርፉ ይችላሉ። በምላጭ የሚበጡም አሉ። ታይሮይድ ደም የሚበዛበት ዕጢ ነው፤ እዚያ ላይ ምላጭ ማሳረፍ በእንቅርት ላይ ጆሮ ደግፍ ነው። አክስትሽን በአክብሮት እምቢ በያቸው።

ኪኒኑ ግን አናደደኝ። የእንቅርት ኪኒን አንድ ዓይነት አይደለም። አንዱ ያነሰውን ሆርሞን ይተካል፣ ሌላው የበዛውን ይቀንሳል። የጎረቤትሽ የሚቀንሰው ከሆነስ? ጽንሱ ገና የራሱን በበቂ አይሠራም፤ የሚጠቀመው ያንቺን ነው። ሐኪም ያዘዘለት ሰው በራሱ አያቁም። ላንቺ ግን ማን አዘዘልሽ? ዛሬውኑ አቁሚና ነገ ማሸጊያውን ይዘሽ ጤና ጣቢያ ሂጂ። እስከ አራተኛ ወር ክትትል አለመጀመርስ ምን ይባላል? የሆርሞን ምርመራው እዚያ ከሌለ ሪፈር ይጻፉልሽ፤ ደብረ ማርቆስም ቢሆን ሂጂ። ስትተኚ ትንፋሽ ካጠረሽ፣ ድምፅሽ ከጎረነነ ወይም እብጠቱ በጥቂት ሳምንት ካደገና ከጠጠረ ቀጠሮ አትጠብቂ።

ወደ ምግቡ ስመጣ፣ ያረጀ ትልቅ እንቅርት በምግብ አይጠፋም፤ ልጅሽ ግን አዮዲኑን ያገኛል። አዮዲን ያለው የታሸገ ጨው ግዢ። መጠኑን አትጨምሪ፣ ዓይነቱን ብቻ ቀይሪ። ቆሻሻ አለው ብለሽ አትጠቢው፤ አዮዲኑ ፍሬው ላይ ስለሆነ ከውኃው ጋር ይሄዳል። ክዳን ባለው ዕቃ ከእሳትና ከፀሐይ አርቀሽ አስቀምጪው። ወጡ ላይ የሚጨመረውም ሊወጣ ሲል ነው። ጎመን እንቅርት ያመጣል ብለው ከከለከሉሽ ደግሞ አትስሚያቸው፤ አብስለሽ ብዪ።