ከብርቱካን ልጣጭ ካርቦን ለመሥራት ለጠየቅከው ወንድሜ

«ከብርቱካን ልጣጭ አክቲቬትድ ካርቦን ሠርቼ ሜቲሊን ብሉን ከውሃ ማስወገድ እፈልጋለሁ፤ በምን ኬሚካል፣ በስንት ዲግሪ ላክስለው?» ብለሃል። (አክቲቬትድ ካርቦን ማለት ደቃቅ ቀዳዳ የበዛበት፣ ቀለም ገጹ ላይ የሚይዝ ከሰል ነው።) እኔም የሠራሁት በዚሁ ልጣጭና በዚሁ ሰማያዊ ቀለም ነው። እሳቱ ብዙም አያስቸግርህም፤ መከራው ልኬቱ ላይ ነው። ለማንኛውም፦

1. ፎስፎሪክ አሲድ ይሻልሃል፤ ከ400 እስከ 500 ዲግሪ ሴልሺየስ ይበቃዋል። በፖታሲየም ሃይድሮክሳይድ የሚሠሩ አሉ፤ እሱ ግን 700 እና ከዚያ በላይ ይፈልጋል፣ ዕቃውንም ይበላዋል። ክዳኑን በደንብ ግጠም፤ አየር ከገባ የምታወጣው አመድ ነው።

2. እጠበው። አሁንም እጠበው። በሙቅ የተጣራ ውሃ፣ የእጣቢው ፒኤች (የአሲድነት መለኪያው) 6 ወይም 7 እስኪደርስ ድረስ። አሲድ ውስጡ ተርፎ ከቀረ የቀለሙን ውሃ ፒኤች ያወርደዋል። ያኔ የካርቦኑ ገጽ ፖዘቲቭ ቻርጅ ይይዛል፤ ሜቲሊን ብሉም ፖዘቲቭ ስለሆነ ይገፋፋሉ። ስንቱ ሰው ደህናውን ካርቦን «አይሠራም» ብሎ ደፍቶታል!

3. ማጣሪያ ወረቀት። እዚህ ላይ ታገሠኝ፣ እስካሁን ያበግነኛል። ናሙናዎቼን በክፍያ የሚለካልኝ አንድ ላብራቶሪ ነበር። ካርቦኑን ከውሃው የሚለዩት በተራ ማጣሪያ ወረቀት ነው። ውጤቱ ሲመጣ ብዙ ካርቦን የገባበትም፣ ቁንጥር ብቻ የነካውም እኩል «ቀለሙ ጠፍቷል» ይላል። እንዴት ይሆናል ብዬ ብጠይቅ ባለሙያው ቀና ብሎ እንኳ ሳያየኝ «መሣሪያው ያነበበውን ነው የሰጠንህ» አለኝ። ኃላፊዋ ደግሞ ውጤቱ አምሮለት የሚያማርር ሰው አይታ እንደማታውቅ ነገረችኝ። የከፈልኩበት ቁጥር ለምንም አልሆነ።

እኔ ግን አልተውኩትም። ካርቦን ጨርሶ ያልገባበትን ሰማያዊ ውሃ በዚያው ዓይነት ወረቀት አሳለፍኩት። ከሥር የወረደው ፈዘዘ፣ ወረቀቱ ሰማያዊ ሆነ። ሜቲሊን ብሉ ወረቀት ላይ ይጣበቃላ! ግማሹን ሥራ የሠራው ወረቀቱ ነበር። ወስጄ ጠረጴዛቸው ላይ አስቀመጥኩላቸው። ይቅርታም የለ፣ ገንዘቤም አልተመለሰ፤ ከዚያ ወዲህ ግን የማንንም ናሙና በሴንትሪፊውጅ (በፍጥነት አሽከርክሮ ዱቄቱን ወደ ታች በሚያዘቅጥ መሣሪያ) ነው የሚለዩት። ይህን በማድረጌ እኮራለሁ።

ስለዚህ ሴንትሪፊውጅ ተጠቀም፤ ከላይ ያለውን የጠራ ውሃ ቀድተህ በ664 ናኖሜትር (ቀለሙ አብዝቶ በሚውጠው የብርሃን ሞገድ) ለካ። ደቃቅ ዱቄት ተንሳፍፎ ከቀረ ብርሃኑን ይበትነዋል፤ ያኔ ደግሞ ያልጠፋ ቀለም ያለ ያስመስልብሃል። ሁልጊዜ ሁለት ማመሳከሪያ ይኑርህ፦ ካርቦን ያልገባበት የቀለም ውሃ፣ ቀለም ያልገባበት የካርቦን ውሃ። ሴንትሪፊውጅ ከሌለህ እንዲዘቅጥ አሳድረው። ማጣራት የግድ ከሆነብህ ያንኑ ማጣሪያ ካርቦን በሌለው ቀለም ፈትነውና ስንቱን እንዳስቀረ ከውጤትህ ጎን ጻፈው፤ የሚመዝንህ ሰው መጀመሪያ የሚጠይቅህ እሱን ነው።